በሽምብጡ ጌም ቤት ክራሽን ይጫወት የነበረው ማን ነው?

ጥያቄውን ባለፈው ጥቅምት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ስለበዙና በመሃል ወደ ዓሣውም ወደ መብራቱም ስለሄዱ፣ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው እንዳይቸገር ከመጀመሪያው ጀምሬ በየቁጥራቸው እዚህ አስፍሬአቸዋለሁ።

መነሻው ይህ ነው። የእናቴን ቤት ቀለም ለማስቀባት ዕቃ ስናወጣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ስፈታው ግራጫው ፕሌይስቴሽን ነው፤ የመጀመሪያው። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የነበረው ጌም ቤት በ1999 ዓ.ም. ሲዘጋ ታላቅ ወንድሜ ከባለቤቷ ገዝቶት፣ ጥቂት ወራት ተጫውቶበት፣ ሥራ አግኝቶ ከባሕር ዳር ሲወጣ ትቶት የሄደው ነው። ሁለት ጆይስቲክ አለው። የአንደኛው ገመድ አንገቱ ላይ በጥቁር ፕላስተር ታስሯል፤ የሌላኛው ባለ ካሬ ቁልፍ፣ ጎል የምንመታባት፣ ወደ ውስጥ ገብታ ቀርታለች። ጨዋታ የሚቆጠብበት ሚሞሪ ካርዱ ከፊት ለፊቱ እንደተሰካ ነው። በላዩ ላይ በተለጠፈ ቁራጭ ፕላስተር «2» ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ማሽን ማለት ነው። እኔ በብዛት የተጫወትሁት በእሱ ነው።

ሲዲ አላነብም አለ። ፕሌይስቴሽን ግን ሲዲ ባይኖረውም ይነሳል፤ ሚሞሪ ካርዱ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ገጽ ይከፍታል። ገጹ 15 ትናንሽ ቦታዎች አሉት። አብዛኞቹን የሞላው የእግር ኳሱ ጨዋታ ዊኒንግ ኢለቨን ነው፤ በመካከላቸው የድብድቡ ቴከን 3 አለ። የመጨረሻውን ስመርጥ ግን የወጣው ስም ክራሽ ባንዲኩት ሆነ።

ግራ የተጋባሁት እዚህ ላይ ነው። ያ ቤት የሁለት ሰው ቤት ነበር። አንድ ጨዋታ ሽልንግ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፣ የቀረው አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል። ክራሽ ደግሞ የብቻ ጨዋታ ነው። ሽልንጉን ከፍሎ፣ አሥራ አምስት ልጅ ከኋላው እያጉረመረመ፣ ለብቻው ሲጫወት የዋለ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አላየሁም። ታዲያ ያን ቦታ የያዘው ማን ነው? ብዬ ጠየቅሁ። አያይዤም የልቤን ጻፍሁ፤ ልጄ ስልኩ ውስጥ የፈለገው ጨዋታ ሁሉ አለው፣ ተራ መጠበቅን ግን አያውቅም፤ እኛን ያ አግዳሚ አሳድጎናል ብዬ።

1. የመጀመሪያው ምላሽ የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ካለ በኋላ ማሽኑን እንዳልፈታው ለመነኝ። ብዙ ዓመት ሳይነካ የኖረ ዕቃ በችኮላ የተከፈተ ዕለት እንደሚሞት ጻፈ። ያነሳሁትን ካቻቢቴ መለስሁት።

2. ሁለተኛው ቤቱን ያውቀዋል። ደጁ ላይ የሚደረደሩትን ብስክሌቶች አነሳ፤ የውጭዎቹ እስኪወጡ ብስክሌታቸው ውስጥ የቀረባቸው ተሸናፊዎች መጠበቅ ነበረባቸው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ስለ ጃፓንኛው ያነሳው ነው። የዊኒንግ ኢለቨን ጽሑፍ ሁሉ በጃፓንኛ ስለነበር ማውጫውን የምናውቀው በፊደል ሳይሆን በቦታ ነበር፤ ከላይ ስንተኛው ምን እንደሆነ እንደ ጸሎት በቃላችን ይዘነዋል። በጃፓኑ ማሽን ክቧ ትፈቅዳለች፣ ኤክሷ ትመልሳለች፤ በአውሮፓው ደግሞ ፈቃጇ ኤክሷ ናት። ይህ ሰው ካደገ በኋላ የአውሮፓውን ሲገዛ ጣቱ ለወራት አልታዘዝ ብሎት እንደነበር ነገረን። የእኔም ጣት እንደዚያው ነው።

3. ሦስተኛው ማሽኑ የወጣው በ1987 እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፈ።

4. አራተኛው ሳያመነታ 1994 መሆኑን ገልጾ፣ ያልተጣራ ነገር ይዞ አደባባይ መውጣት ነውር መሆኑን አከለበት።

5. አምስተኛው ሁለቱንም አስታረቀ። ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1994 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 24 ቀን 1987 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ምርቱ እስኪቆም ድረስ በዓለም ላይ ከ102 ሚሊዮን በላይ ማሽን እንደተሸጠም ጨመረልን። ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ሽምብጥ ደረሱ። አራተኛው ተመልሶ አልመጣም።

6. ስድስተኛው በዚያው ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ሰፈር ያደገ፣ ከእኛ በዕድሜ ከፍ ያለ ሰው ነው። ፕሌይስቴሽንን የድሮ ብለን መጥራታችን ቅር አሰኝቶታል። ከዚያ በፊት ባለ ካሴቱ ነበር አለን። የጃፓኑ ካምፓኒ ኔንቲዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውን ማሽን አስመስለው የሠሩት፣ በአንድ ካሴት ላይ ሺህ ጨዋታ አለ ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲከፈት ግን ያው አሥሩ ወይም ሃያው በተለያየ ስም የሚደጋገምበት። ዳክዬ የሚተኮስበት የፕላስቲክ ሽጉጥም ነበረው። የጎረቤት ልጆች በሙሉ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው እርሱ ሲተኩስ ያዩት ነበር፤ ያን ቀን እንደ ሠርጉ ቀን ነው የሚያስታውሰው።

7. ሰባተኛው ያንኑ ሽጉጥ ለልጁ ከገበያ ገዝቶ፣ አዲሱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ አንድም ዳክዬ አልወድቅ ብሎት፣ የተጭበረበረ መስሎት እንደነበር አጫወተን።

8. ስምንተኛው ዕውቀት ያለው ሰው ነው። ሽጉጡ ምንም ነገር አይተኩስም፤ የሚያደርገው ማየት ነው። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ዳክዬው ባለበት ቦታ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ይበራል፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለችው የብርሃን ዓይን ያን ነጭ ካየች ተመታ ይባላል። ይህ የሚሠራው ወደ ኋላ በሚረዝመው በድሮው ቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ አዲሶቹ ምስሉን ለማሳየት ጥቂት ስለሚዘገዩ ዓይኗ በምትጠብቀው ቅጽበት ነጩን አታገኘውም። የሰባተኛው ሰው ሽጉጥ ደህና ነው ማለት ነው።

9. ዘጠነኛው ካሴቱን እፍ ብለን እንዴት እንደምናስነሳው በናፍቆት ሲጽፍ፣ ያው ስምንተኛው ተመልሶ ጠንከር አድርጎ ገሠጸው። የትንፋሽ እርጥበት የካሴቱን የብረት ጥርሶች ያዝጋል፤ ካምፓኒው ራሱ እፍ አትበሉ ብሎ ነበር። ካሴቱን ያስነሳው እፍታው ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ነው። ልክ ነው፤ ግን ያን ያህል መቆጣት አያስፈልግም ነበር።

10. አሥረኛው ወደ እኔ ማሽን መለሰን። ሲዲ እንዲያነብልኝ ገልብጬ እንዳስቀምጠው መከረኝ፤ እግሩ ወደ ሰማይ፣ ክዳኑ ወደ መሬት።

11. አሥራ አንደኛው ምክንያቱን አብራራው። በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ውስጥ ሌንሷ የምትንሸራተትበት ሐዲድ ፕላስቲክ ነው። ኃይል የሚሰጠው ክፍል አጠገቧ ስላለ ይሞቃል፤ ፕላስቲኩ እየተበላ ሌንሷ ታዘነብላለች፤ ያዘነበለች ሌንስ ሲዲውን በትክክል አታየውም። ሲገለበጥ ክብደቷ በሌላው በኩል ስለሚያርፍ ትስተካከላለች። ኋላ ላይ የወጡት ማሽኖች ላይ ሌንሷን ከሙቀቱ አርቀዋታል። የእኛ ቤት ሁለተኛው ማሽን ሁልጊዜ እንደ ኤሊ በጀርባው ተኝቶ የምናየው ለዚህ ኖሯል። ያኔ የአጫዋቿ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

12. እዚህ ላይ መልኩ ተለወጠ። የጻፉት ባሕር ዳር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩ መምህር ናቸው። እኛ የምንናፍቀውን ቤት እርሳቸው በሌላ በኩል እንደሚያውቁት ጻፉ። በየጌም ቤቱ እየዞሩ ተማሪ የሚለቅሙት እርሳቸው ነበሩ። የዩኒፎርም ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ የኪስ ገንዘባቸውን ጨርሰው፣ የሚቀጥለውን ሽልንግ ከእናታቸው መቀነት የሚፈቱ ልጆች አይተዋል። በሒሳብ የሚመኩበት አንድ ልጅ ሚኒስትሪ የወደቀበትን ዓመት እስከ ዛሬ አልረሱትም። አግዳሚው አሳደገን ማለቴን አልወደዱትም፤ አግዳሚው የወሰደባቸውን ልጆችም እንድቆጥር ጠየቁኝ።

13. አሥራ ሦስተኛው እኔ እንድመልስ ጊዜ አልሰጠኝም። ለመምህሩ በአንተ እየጻፈ፣ ልጆቹን ወደ ጌም ቤት የነዳቸው የመምህራን አርጩሜ መሆኑን፣ ያ ቤት ባይኖር የሚሄዱበት ከዚያ የከፋ እንደነበር በብዙ ቁጣ ዘረዘረ። ከቁጣው ውስጥ እውነት የለም አልልም። አጻጻፉ ግን ዕድሜን ያላከበረ ነው፤ በዚያው ዕለት ይህንኑ ጽፌለታለሁ።

14. አሥራ አራተኛው ከሁለቱ ለአንዱም አልወገነም፤ የራሱን ነገረን። ትምህርት አልሆነውም። ጌም ቤት ግን አንድ ቀን ቴክኒሻን መጥቶ ማሽኑን ሲፈታ አጠገቡ ተንበርክኮ አየ። ኦሪጅናሉ ሲዲ ኮፒ ሲደረግ የማይገለበጥ የተደበቀ ምልክት አለው፤ ማሽኑ ያን ምልክት ካላገኘ አይከፍትም። ቴክኒሻኑ የበያዳት የጥፍር ያህል ቺፕ ያን ምልክት በሲዲው ፈንታ ለማሽኑ ትነግረዋለች። ያን ቀን የቀለጠው እርሳስ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ቀረ፤ ዛሬ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ሦስት ልጆች ያስተዳድራል። መምህሩ ይህን ምላሽ እንደወደዱት ምልክት አደረጉ።

15፣ 16፣ 17 እና 18. ከዚያ ወሬው ሸሸ። አንዱ የመብራቱን ነገር አነሳ፤ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል መብራት ይጠፋበት የነበረውን። ወዲያው ሕጉ ላይ ክርክር ተነሳ። በእኛ በሽምብጥ ከእረፍት በፊት ከጠፋ ጨዋታው ይደገማል፣ ከእረፍት በኋላ ከጠፋ የመራ ያሸንፋል። ዓባይ ማዶዎች ግን መቼም ይጥፋ መቼ ይደገማል ባይ ናቸው። የእኛው ይበልጣል፤ አለበለዚያ ተሸናፊ ሁሉ መብራት እንዲጠፋ ሲሳል ይኖራል። ቀጥሎ የመጣው ያሸነፈ ቀን ሐይቁ ዳር የሚበላውን የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ አነሳ፤ ሌላው ከጨዋታ በኋላ እየዘለልን የምንገባበት የሐይቁ ዳርቻ በእምቦጭ መሸፈኑን በሐዘን ጻፈ። አረሙ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ እኛ ስንዋኝ ውኃው ንጹሕ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፤ እኔ ግን ካርዱን ማስታወስ ነበረብኝ፤ አስታወስሁ።

19. አሥራ ዘጠነኛው ካርዱን ራሱን ተጠራጠረ። የሃያ ዓመት ሚሞሪ ውስጡ ያለችው ባትሪ ስለምትሞት ምንም ሊይዝ አይችልም፣ አየሁ ያልሁትም ሌላ ነገር ነው የሚል ነው።

20. ሃያኛው ነገሩን ለየው። ባትሪ ያላቸው ጨዋታ የሚቆጥቡት የድሮ ካሴቶች ናቸው፤ የእነርሱ ባትሪ ሲሞት የተቆጠበው ይጠፋል። የፕሌይስቴሽን ካርድ ግን ባትሪ የለውም። 128 ኪሎባይት ነው፤ ለ16 ይከፈላል፤ አንዱን ክፍል ለራሱ ማውጫ ስለሚወስደው ለእኛ 15 ይቀራል። ያለ ኮረንቲ ለብዙ ዓመታት የተጻፈበትን ይዞ ይቆያል። ዛሬ አንዲት የስልክ ፎቶ እንኳ የማትበቃበት ቦታ ላይ የአንድ ሰፈር ልጆች ዋንጫ ሁሉ ተቀምጧል።

21. ሃያ አንደኛው ግምቱን ሰጠ፤ ቺፑን የበየደው ቴክኒሻን ማሽኑን ሲሞክር የቆጠበው ይሆናል ብሎ። እኔም ለሁለት ቀን ያህል ይህን አምኜ ነበር።

22. ሃያ ሁለተኛው ክራሽን የተጫወተው እርሱ ራሱ መሆኑን አወጀ። ከአጎቱ ልጅ ጋር አንድ አንድ ጆይስቲክ ይዘው ጎን ለጎን እየሮጡ እንደጨረሱት ዘረዘረ።

23. ሃያ ሦስተኛው በሁለት መስመር ዘጋው። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሮጥም።

24. ይህን ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ። የጻፈችው ሴት ናት። አጀማመሯ ሰላምታ የለውም። ሃያ ሦስት ምላሽ ስለዚያ ቤት ሲጻፍ ቤቱ በራሱ የተከፈተ፣ በራሱም የተዘጋ እንደሚመስል ነገረችን። ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ሌንሱ፣ ስለ ቀረሶው ተጽፏል፤ ሽልንጉን ስለሚቀበሉት ሰው ግን «ባለቤቷ» ከምትል አንዲት ቃል በቀር ምንም የለም። ባለቤቷ እናቷ ናቸው። ያችን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አንብቤ አፈርሁ። እትዬ እያልን ነበር የምንጠራቸው፤ ፊታቸው እስከ ዛሬ ይታየኛል፤ ስማቸውን ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ቤቱ መጀመሪያ ዳቦና ስኳር የሚሸጥበት ሱቅ ነበር። እናትየዋ ዕቁብ ሲደርሳቸው ያገለገሉ ሁለት ማሽኖች ገዙ፤ አንዱ ቴሌቪዥን የቤታቸው ነበር፣ ሌላውን በየወሩ ከፍለው ጨረሱት። ቆጣሪው ከአከራዩ ጋር የጋራ ስለነበር የመብራት ሒሳብ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ነበር። ጆይስቲኮቹን በሽቦ ከጠረጴዛው እግር ጋር ያሰሩት አንድ ማታ ሲቆጥሩ አንዱ ጎድሎ ስላገኙት ነው። ሰፈር ውስጥ ልቅሶ ከተነሳ ሦስት ቀን ይዘጉ ነበር፤ እኛ ደጅ ቆመን ስናጉረመርም እርሳቸው ድንኳን ውስጥ ወጥ ያማስሉ ነበር። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከአሥር ሰዓት በፊት አያስገቡም፤ ሹራብ መገልበጥ የተጀመረው እናቷን ለማታለል እንደሆነ ለመምህሩ ለብቻው ጻፈችላቸው። እርሷ ነርስነት የተማረችው በዚያ ሽልንግ ነው። ቤቱ የተዘጋውም ተሰልችቶ አይደለም። አዲሱ ፕሌይስቴሽን 2 ከተማው ውስጥ ሲበዛ ልጆቹ ወደዚያ ሄዱ፤ አዲሱን ለመግዛት ደግሞ ሌላ ዕቁብ መጠበቅ ነበረባቸው።

ክራሽ ከማሽኖቹ ጋር የመጣ ሲዲ ነው። የሚጠይቀው ስላልነበረ መደርደሪያው ሥር ቀረ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የቆርቆሮው በር ይዘጋል፤ ሳንቲሙ ከጣሳ ወደ ጨርቅ ይገለበጣል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ልጆቹ ይተኛሉ። እርሷ አንዳንድ ሌሊት ትነቃ ነበር። መጋረጃው ላይ ብርሃን ይመላለሳል። የቴሌቪዥን ድምፅ የለም፤ የሚሰማው የቁልፍ ቀጭ ቀጭታ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በቀዳዳው አየች። እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ልጅ ነብር ጋልባ በረጅም ግንብ ላይ ትሮጣለች። ጠዋት ስትጠይቃቸው ማሽኑን እየሞከሩት እንደነበር ነገሯት። ጥያቄዬን እስክታነብ ድረስ ይህንኑ አምና ኖራለች።

25. ሃያ አምስተኛው ደቂቃ አልፈጀበትም። ነብር የምትጋልበው የክራሽ እህት ኮኮ ናት፤ ግንቡ የቻይናው ታላቁ ግንብ ነው፤ ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሦስተኛው ክራሽ ነው። ልጅቱ ያየችውን ከራሷ ልትፈጥረው አትችልም።

26. አሥራ ሦስተኛው ላይ የተቆጣው ሰው ተመልሶ መጣ። የዚያ ቤት ደንበኛ ነበር። ያለበትን የዱቤ ዕዳ ለመክፈል የሚችልበትን መንገድ ጠየቀ። ልጅቱ የመለሰችለት የዱቤ ደብተሩ ድሮ ለምድጃ ማቀጣጠያ መዋሉን ነው። መምህሩንም ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚህ ጊዜ በእርስዎ።

27. መምህሩ ሁለት ነገር ጻፉ። አንደኛው፣ ስለ ጌም ቤት ያላቸው ሐሳብ አልተለወጠም። ሁለተኛው፣ ዩኒፎርም የለበሰውን ከደጅ የሚመልሱ አንዲት ሴት ሽምብጥ ውስጥ መኖራቸውን ያኔ ቢያውቁ ኖሮ ሄደው እጃቸውን ይጨብጧቸው ነበር።

28. ሃያ ስምንተኛው ማሽኑን ልግዛህ ይላል። አይሸጥም።

29. ይህ የእኔ ነው። አሥራ አራተኛው ስልክ ጠጋኝ ሳልጠራው ቤቴ መጣ። ሌንሷን በአልኮል በረጠበ ጥጥ ጠራረጋት፤ ቀና ብሎ ሲቀመጥ ሲዲው ይዞራል ግን አይነሳም፤ ሲገለበጥ ይነሳል። ወደ ኋላ የሚረዝመውን ቴሌቪዥን ከጎረቤት አገኘን፤ አዲሱን ቴሌቪዥን ተሸክሞ እንደ ጠረጴዛ ያገለግል ነበር። ክራሽ ሦስትን ስልክ ጠጋኙ ከሰው ለምኖ አመጣው። ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ሆነ። ልጄ ድሮ ሁሉም ነገር እንዲህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

30. ሠላሳኛው መልሱን ላከ። እኛ አገር ያለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ነው፤ ምስሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይታደሳል። የአሜሪካና የጃፓን ሲዲ ኤንቲኤስሲ ነው፤ 60 ጊዜ። የድሮው ቴሌቪዥን ፍጥነቱን ተቀብሎ ቀለሙን መፍታት ሲያቅተው ጥቁርና ነጭ ያሳያል። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ግን ሁለቱንም ስለሚያውቁ ማስተካከያቸው ውስጥ ገብቼ እንድፈልግ መከረኝ። ፈለግሁ፤ ነበረ፤ ቀለሙ መጣ።

31. ልጅቱ ለእናቷ ስልክ ደውላ ነገረቻቸው። አሁን የሚኖሩት ዓባይ ማዶ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ መጀመሪያ የጠየቁት ካርዱ የአንደኛው ማሽን ነው ወይስ የሁለተኛው የሚለውን ነው። የሁለተኛው እንደሆነ ስትነግራቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንደሚመጡ ተናገሩ።

32. የመጨረሻው የእኔ ነው። እሑድ መጡ። እናቴ ቡና አፈላች፤ ሁለቱ ስለ ሰፈሩ ሰው፣ ማን እንደሞተና ማን እንደተዳረ ሲነጋገሩ አንድ ሰዓት አለፈ። እንግዳ ይመጣል ብዬ ማሽኑን ጠራርጌ፣ እንዳያስቀይም ቀና አድርጌ አስቀምጬው ነበር። ሶፋው ላይ ይቀመጡ ብንላቸው በርጩማ ጠየቁ። ጆይስቲኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አንገቱ የታሰረውን መረጡ፤ ባለ ካሬዋ ቁልፍ የገባችበትን ለልጄ አቀበሉት። ሲዲው እየዞረ አልነሳ ሲል እኔ ልነሳ ስል እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ማሽኑን ገለበጡት። ማንም አልነገራቸውም።

የተቆጠበው ተከፈተ፤ 38 በመቶ ይላል። ልጄ ምንጣፉ ላይ፣ ከጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ነብሯ በር ሄዱ። ከመግባታቸው በፊት ግን ቆም ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉና ድምፁን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረጉት።